ካርታው አሁንም ካዛንቺስ ነህ ይለኛል፦ ትንሽ ሱቅ ጉግል ላይ እንዴት ይታያል?

ፍሪጅ_ሠሪው | ሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። ፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና ቦይለር እጠግናለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ካዛንቺስ ነበርኩ። ሰፈሩ ለኮሪደር ልማቱ ሲነሳ ገርጂ መብራት ኃይል አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየሁ። እጄ ያው ነው፣ መፍቻዬም ያው ነው። ደንበኛው ግን ቀረ። ካዛንቺስ እያለሁ ማስታወቂያ የሚባል ነገር አስቤም አላውቅ። ሰው ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ጎረቤቱ ወደ እኔ ይልካል፣ በቃ። እዚህ የሚያውቀኝ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት ደወሉ። «ሱቅህ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ የት ገባህ?» አሉኝ። ወጥቼ ግራ ቀኝ ባይ ማንም የለም። ለካ ካርታው ካዛንቺስ ወስዶ ጥሏቸዋል። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆመው የኔን ሱቅ ይፈልጋሉ። ያውም ታክሲ ተኮናትረው። አፍሬ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ሠራሁላቸው፤ የመጓጓዣም አልጠየቅኩ።

ከዚያ ወዲህ ነው ራሴን ጉግል ላይ መፈለግ የጀመርኩት። «ፍሪጅ ጥገና አዲስ አበባ» ብዬ ስጽፍ የሚመጣው አስመጪ ድርጅት፣ የማስታወቂያ ድረ ገጽ፣ አንድ የህንድ ቪዲዮ። እኔ የለሁም። በዚህ መሀል አንድ ልጅ መጣና «በየወሩ ክፈለኝ፣ አንደኛ አወጣሃለሁ» አለኝ። የጠራው ዋጋ አዲስ ኮምፕሬሰር ይገዛል።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ከነዚህ ጋር መወዳደር ይቻላል? ወይስ አርፌ ፍሪጄን ልጠግን?


ዲቪ_ያልደረሰው | ሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ ብሩን ለልጁ እንዳትሰጥ። ግን ጉግሉንም ተወው። አዲስ አበባ ውስጥ ፍሪጁ ሲበላሽበት ጉግል የሚያደርግ ማን አለ? ሁሉም የሚጠይቀው የኮንዶሚኒየሙን ቴሌግራም ግሩፕ ነው። ወረቀት አሳትምና ብሎክ በብሎክ ለጥፍ።


ካርታ_አንባቢ | ሰኞ ሌሊት

ዲቪ፣ ግማሹ ልክ ነው። ግሩፕ ላይ ይጠይቃሉ፣ አራት ስልክ ቁጥር ይላክላቸዋል። ከዚያስ? ከአራቱ አንዱን ለመምረጥ ካርታ ላይ ይገባሉ። ሱቅ አለው ወይ፣ ሰው ምን ብሎለታል፣ አሁን ክፍት ነው ወይ። እዚያ ላይ የሌለ ሰው ግሩፑ ላይ ቢመከርም ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ፍሪጅ ሠሪው፣ መጀመሪያ ከማን ጋር እንደምትሰለፍ እንለይ። ጉግል ላይ ሁለት ሰልፍ አለ። አንዱ ከታች የሚወጣው የድረ ገጾች ዝርዝር ነው። እዚያ አስመጪዎቹና የማስታወቂያ ገጾቹ ቀድመውሃል፤ ለጊዜው ተዋቸው። ሌላው ከካርታ ጋር የሚወጣው የሦስት ሱቆች ዝርዝር ነው። ድሮ ሰባት ነበር፣ ከ2015 ወዲህ (እንደ ፈረንጆቹ) ሦስት ሆኗል። ይኼኛው ሰልፍ የሰፈር ነው። ጉግል ራሱ በግልጽ እንደጻፈው የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ ሥራህ ከተፈለገው ጋር መግጠሙን፣ ከፈላጊው ምን ያህል እንደምትርቅና ምን ያህል እንደምትታወቅ። ትልቁ አስመጪ መርካቶ ቢሆን ገርጂ ቆሞ ለሚፈልግ ሰው ሩቅ ነው። አንተ ቅርብ ነህ። በርቀት ልታሸንፈው ትችላለህ ማለት ነው፣ ያለ አምስት ሳንቲም።

ልጁ «አንደኛ አወጣሃለሁ» ያለው ነገር ውሸት ነው። ያንን ማንም ዋስትና መስጠት እንደማይችል ጉግልም ጽፎታል። በዚያ ሰልፍ ላይ ደረጃ አይሸጥም። ማስታወቂያ መግዛት ይቻላል፤ እሱ ግን ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ነው የሚወጣው፣ ብሩ ሲያልቅ እሱም ያልቃል።

አሁን ዋናው። ካርታው ላይ አዲስ የሱቅ ገጽ እንዳትከፍት! ብዙ ሰው ቦታ ሲቀይር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የካዛንቺሱን ትቶ የገርጂ አዲስ ይከፍታል። ያኔ በአንድ ስምና በአንድ ስልክ ሁለት ሱቅ ይሆናል፣ ጉግልም ግራ ይጋባል፣ የድሮ ደንበኛ የጻፈልህ አስተያየትም አሮጌው ላይ ይቀራል። የድሮውን ክፈትና አድራሻውን ቀይር። ፒኑን (ሱቅህ ያለበትን የሚያሳየውን ምልክት) በጣትህ ጎትተህ በርህ ላይ አስቀምጠው። የመንገድ ስም ባይኖርህ አትጨነቅ።


ፍሪጅ_ሠሪው | ማክሰኞ ጠዋት

እግዜር ይስጥልኝ። ግን ችግር አለ። ያንን ካርታ ላይ ያስገባው እኔ አይደለሁም። ካዛንቺስ እያለሁ አንድ ወጣት «ሱቅህን ካርታ ላይ ላስገባልህ» ብሎ ትንሽ ብር ተቀብሎኝ ነበር። በራሱ ኢሜይል ነው የከፈተው። ልጁ አሁን የት እንዳለ አላውቅም።


ካርታ_አንባቢ | ማክሰኞ ጠዋት

የተለመደ ነው። ካርታው ላይ ሱቅህን ንካ፣ «የዚህ ንግድ ባለቤት ነኝ» የሚል ቦታ አለ፣ እሱን ተጫን። ሌላ ሰው እንደያዘው ይነግርህና ጥያቄ እንድትልክ ይጠይቅሃል። ለያዘው ሰው ሦስት ቀን ይሰጡታል። ዝም ካለ ራስህ ባለቤት መሆንህን አረጋግጠህ የምትረከብበት ዕድል ይከፈታል።

ማረጋገጫው ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ነው። ሳይቆረጥ በአንድ ቀረጻ፦ መንገዱን አሳይ፣ አጠገብህ ያለውን የሚታወቅ ሕንፃ አሳይ፣ ታፔላህን አሳይ፣ ከዚያ በራስህ ቁልፍ በሩን ክፈትና ግባ። መሣሪያህን፣ ንግድ ፈቃድህን አሳይ። ያንተ መሆኑን በዓይን እንዲያዩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። ዩቲዩብ ላይ «ጉግል ማይ ቢዝነስ አፕ አውርዱ» የሚሉ ቪዲዮዎችን አትከተል። ሱቅ ካርታ ላይ የሚገባበት የዚህ አገልግሎት ስም ከ2021 ጀምሮ ቢዝነስ ፕሮፋይል ሆኗል፣ አፑም ቀርቷል። አሁን የምታስተካክለው እዚያው ጉግል ፍለጋ ወይም ካርታ ላይ ሆነህ ነው። በነፃ ይሰጡት የነበረው ትንሽ ድረ ገጽም በማርች 2024 ተዘግቷል።


የጥልፍ_ቤት | ማክሰኞ ከሰዓት

ሽሮ ሜዳ ነኝ፣ የሐበሻ ልብስ። ሁለት ጥፋቴን ልናገርና ሳቁብኝ።

አንደኛው ሰዓት ነው። ፕሮፋይሉን ስሞላ «የሚከፈትበት ሰዓት» ይላል። እኔ የምከፍተው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ የምዘጋው አሥራ ሁለት። 2:30 ብዬ ጻፍኩ፣ 12:00 ብዬ ጻፍኩ። ጉግል በፈረንጅ ሰዓት ነው የገባው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ከፍቼ ቀን ስድስት ሰዓት የምዘጋ ሰው ሆንኩ። ሽሮ ሜዳ ደግሞ የምንሸጠው ከሰዓት ነው! ሰው ሲፈልገኝ በቀይ «ተዘግቷል» እያለ ወደ ጎረቤቶቼ ያልፋል። እኔ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ዘንድሮ ሰርግ ቀዘቀዘ እላለሁ። ስምንት ወር። የነገረችኝ ከአዳማ ለሚዜ ልብስ የመጣች ልጅ ናት። «እህቴ፣ አንቺ ሌሊት ነው እንዴ የምትሸጪው?» አለችኝ።

ሁለተኛው ስም ነው። አንዱ መከረኝና የሱቄ ስም ላይ «ምርጥ የሐበሻ ቀሚስ የሰርግ ልብስ ጥልፍ ሽሮ ሜዳ አዲስ አበባ» ብዬ ጨመርኩበት። ለሁለት ሳምንት ገደማ ደህና ወጣሁ። ከዚያ ታገደ። ከካርታ ላይ ጠፋሁ። ሕጉ ለካ ታፔላሽ ላይ ያለውን ስም ብቻ ጻፊ ነው የሚለው። ስሙን መልሼ፣ የታፔላውን ፎቶና ንግድ ፈቃዱን ልኬ፣ ለምኜ ነው የተመለሰልኝ። ያ የሰርግ ወቅት ግን አመለጠኝ።


ዲቪ_ያልደረሰው | ማክሰኞ ከሰዓት

ሌሊት ስምንት ሰዓት ተኩል 😂😂 ይቅርታ እህቴ፣ ግን ሆዴን አመመኝ።


ሲልቨር_ስፕሪንግ | ማክሰኞ ማታ

እኔ ሜሪላንድ ነኝ። የጽዳት ሥራ አለኝ፣ ቤትና ቢሮ እናጸዳለን። እዚህ ውድድሩ ሌላ ነው፤ በአንድ ሰፈር ሃምሳ ጽዳት ድርጅት አለ።

ከእህቴ ከጥልፍ ቤቷ የባሰ ሠርቻለሁ። ሱቅ የለኝም፣ የምሠራው ከቤት ነው። የቤቴን አድራሻ ላለመስጠት የፖስታ ሳጥን ተከራይቼ እሱን አድራሻዬ ብዬ አስገባሁ። ታገድኩ። ትክክለኛው መንገድ ሌላ ነበር፦ ደንበኛ ወደ አንተ የማይመጣ ከሆነ አድራሻህን መደበቅና የምትሄድባቸውን አካባቢዎች መዘርዘር ትችላለህ፣ እስከ ሃያ ድረስ። ፍሪጅ ሠሪውም ቤት ለቤት የሚሄድ ከሆነ ሁለቱንም ማድረግ ይችላል፤ ሱቁም ይታያል፣ አካባቢውም ይዘረዘራል።

ስለ አስተያየት ልናገር። እኛ ሐበሾች ቤተሰብ እንወዳለን። ድርጅቱን ስከፍት በአንድ እሑድ የአጎት ልጆች፣ የዕድር ሰዎች፣ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ሳትቀር አምስት ኮከብ ሰጡኝ። ከወር በኋላ አብዛኛው ተሰርዞ አገኘሁት። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የሐሰት አስተያየት መግዛትም መሸጥም በፌዴራል ደንብ ያስቀጣል። ስለዚህ አሁን የማደርገው ቀላል ነው። ሥራ ጨርሼ ስወጣ እዚያው በር ላይ አስተያየት የሚጻፍበትን ሊንክ በስልክ እልካለሁ። ለሁሉም እልካለሁ፣ ለተደሰተውም ለተነጫነጨውም። ቅናሽ አልሰጥም፣ እሱም ክልክል ነው። በሳምንት አንድ ሁለት ይጽፋሉ።

ከጻፉት ውስጥ ሥራ ያመጣልኝ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ? «በጣም ጎበዝ ናቸው» የሚለው አይደለም። አንዲት ሴት «ከተከራየሁት ቤት ስወጣ ምድጃውንና ምንጣፉን አጽድተውልኝ ዲፖዚቴን አስመለሱልኝ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ቤት የሚለቅ ሰው ይደውላል። የሠራነውን ነገር በስሙ ስለጠራችው ነው።


ፍሪጅ_ሠሪው | ሐሙስ ማታ

ጥያቄውን ልኬያለሁ፣ ሦስቱን ቀን እየጠበቅኩ ነው።

እስከዚያ አንድ ነገር ሞከርኩ። ደብተር አወጣሁ። ሱቄ የመጣውን ሰው ሁሉ «ይቅርታ፣ ስልክዎን ያውጡና ፍሪጅዎ ቢበላሽ ጉግል ላይ ምን ብለው እንደሚጽፉ ያሳዩኝ» አልኩ። መጀመሪያ ሌባ የመሰልኳቸው አሉ። ዘጠኝ ሰው አሳየኝ። ደብተሬ ላይ እንዳለ ልገልብጠው፦

ፍሪጅ ሰሪ ገርጂ
ፍሪጅ ጥገና ቅርብ
ፍርጅ የሚሰራ
ሳምሰንግ ፍሪጅ አይቀዘቅዝም
ላውንደሪ ማሽን ውሃ አያወጣም
ቦይለር ሰሪ ስልክ

ሁለቱ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የጻፉት። አንዷ በእንግሊዝኛ። አንድ አዛውንት ደግሞ «ልጄ፣ እኔ አልጽፍም፣ እናገረዋለሁ» ብለው ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉና «ፍሪጅ የሚሠራ ሰው የት አለ» አሉት። ስልኩ ጽፎ አወጣላቸው። ደንግጬ ቀረሁ።

አሁን ታፔላዬ ላይ ምን እንደሚል ልንገራችሁ። «ጠቅላላ የኤሌክትሮ መካኒካል ጥገና አገልግሎት»። ንግድ ፈቃዱም እንደዚያ ነው። ካርታው ላይ ያ ልጅ የመረጠልኝ ዘርፍ ደግሞ «የኤሌክትሮኒክስ መሸጫ» ነው። ከዘጠኙ ሰው አንድም «ኤሌክትሮ መካኒካል» ብሎ የጻፈ የለም። ፍሪጅ የሚለው ቃል እኮ የትም የለኝም! አሥራ አንድ ዓመት ፍሪጅ ስጠግን ፍሪጅ ብዬ ጽፌ አላውቅም።


ካርታ_አንባቢ | ሐሙስ ማታ

ወንድሜ፣ ልጁ በወር ሊያስከፍልህ የነበረውን ነገር በአንድ ደብተር ሠራኸው።

ስምህን አትንካው፣ የጥልፍ ቤቷን አይተሃል። ዘርፉን ግን ገጹን እንደተረከብክ ቀይር፤ ዋናው ዘርፍ «የፍሪጅ ጥገና» ይሁን ወይም «የቤት ዕቃ ጥገና»፣ ሌላውን ተጨማሪ አድርገው። ከሁሉም በላይ ክብደት ያለው ቅንብር ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ «አገልግሎቶች» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ደብተርህን ገልብጥ። ጋዝ መሙላት፣ ኮምፕሬሰር መቀየር፣ የቦይለር ሬዚስታንስ መቀየር፣ የልብስ ማጠቢያ ፓምፕ። ታፔላህን በሚቀጥለው ጊዜ ስታሠራ ደግሞ ፍሪጅ የሚለውን ቃል በትልቁ አስጽፈው፣ ጉግል ቢኖርም ባይኖርም።


ሃሌታው_ሀ | ዓርብ ጠዋት

እኔ ነጋዴ አይደለሁም፣ የፊደል ነገር ግን ያንገበግበኛል። ከደብተሩ ውስጥ አንድ ነገር ላሳያችሁ። የዚህ የውይይት ክር ባለቤት ራሱን «ፍሪጅ ሠሪው» ብሎ በንጉሡ ሠ ይጽፋል። ደንበኞቹ ሁሉ ግን «ሰሪ» ብለው በእሳቱ ሰ ነው የጻፉት። ሁለቱንም ጉግል ላይ ሞከርኳቸው። የወጣልኝ ዝርዝር አንድ አይደለም።

የኛ ቋንቋ ጣጣ ይኼ ነው። ለጆሮ አንድ የሆነ ድምፅ በጽሑፍ ሁለት ሦስት መልክ አለው። ጸጉር ቤት በጸሎቱ ጸ አለ፣ ፀጉር ቤት በፀሐዩ ፀ አለ። ሐበሻ፣ ሀበሻ፣ ሃበሻ። ሕክምና፣ ህክምና። አስተማሪዬ ቢሰማኝ ያዝንብኛል እንጂ፣ ለንግድ ስትጽፉ ትክክለኛውን ብቻ ሳይሆን ሰው የሚጽፈውንም አስገቡ። ርዕሱ ላይ በአንዱ፣ ከታች በሌላው። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስቱን መደርደር ግን ያስቀይማል፣ አንባቢም ይሸሻል። የላቲኑንም አትርሱ፤ ገጻችሁ ላይ አንድ መስመር ይበቃዋል።


የጥልፍ_ቤት | ዓርብ ጠዋት

ሃሌታው፣ ጋሼ፣ እኔ ሐበሻን በሐመሩ ሐ ብቻ ነው የጻፍኩት። አሁን ገባኝ 🙈


ጣና_ዳር | ዓርብ ማታ

ባሕር ዳር ትንሽ እንግዳ ማረፊያ አለን፣ ሰባት ክፍል። «ባሕር ዳር ሆቴል» በሚለው ቃል ከትልልቆቹ የሆቴል ማስያዣ ድረ ገጾች ጋር ስንታገል ሁለት ዓመት ጠፋብን። አይቻልም። ያንን ቃል ለነሱ ተውንላቸው።

የኛ እንግዶች ሁልጊዜ የሚጠይቁን ሌላ ነገር ነው። ዘጌ በጀልባ እንዴት ይኬዳል? ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶች ይገባሉ ወይ? ጫማ የት ነው የሚወለቀው? እህቴ አንድ ገጽ ጻፈች፣ ስለ ክፍላችን ምንም ሳትል ስለዚህ ብቻ። ሴቶች የሚገቡበትንና የማይገቡበትን ገዳም ለይታ፣ ጀልባው ከየት እንደሚነሳ፣ ጠዋት ለምን እንደሚሻል (ከሰዓት ሐይቁ ይነሳል፣ ማዕበል አለ)። መጨረሻ ላይ ስልካችንን አስቀመጠች። ከድረ ገጻችን ሁሉ ሰው የሚያገኘው ያቺን ገጽ ነው። ትልቁ ድረ ገጽ ጫማ የት እንደሚወለቅ አያውቅም።


ዲቪ_ያልደረሰው | ዓርብ ማታ

እሺ ይኼ አሳመነኝ ልበል። ግን ፍሪጅ ሠሪው ድረ ገጽ የለውም። ድረ ገጽ ማሠራት ደግሞ ብር ነው። ቴሌግራም ቻናል አይበቃም?


ካርታ_አንባቢ | ቅዳሜ ጠዋት

ለመጀመሪያው ይበቃል፣ ግን ዓይነቱን እዩ። የግል ግሩፕ ውስጥ የምትጽፉትን ጉግል አያየውም። ይፋዊ ቻናል ግን በድረ ገጽም ስለሚከፈት ሊያየው ይችላል። ችግሩ ሰው ቻናል ላይ የሚለጥፈው ፎቶ ነው፣ ከሥሩ «ይደውሉ» ብቻ። ፎቶው ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ፍለጋ እንደ ጽሑፍ ያነበዋል ብላችሁ አትተማመኑ። ቲክቶክም እንደዚያው፤ ቪዲዮው ላይ የተናገራችሁትን ከሥሩ በጽሑፍ አስቀምጡት። «ሳምሰንግ ፍሪጅ አይቀዘቅዝም፣ ገርጂ» ብሎ መጻፍ አሥር ሰከንድ ነው።

ድረ ገጹን ግን ውሎ አድሮ እመክራለሁ። ባለ አንድ ገጽ ይሁን። ቀላል ይሁን፣ የሚንቀሳቀስ ሥዕል አይኑረው፤ ሰው ዳታ ቆጥቦ በስልክ ነው የሚከፍተው። ከላይ ስልክ ቁጥር፣ ሲነካ የሚደውል። የቴሌግራም ቻናል ነገ ቢጠፋ ሁሉም ይጠፋል፣ የራስህ ገጽ ግን የራስህ ነው።

ስልክ ቁጥር ስል፦ ታፔላህ ላይ፣ ካርታ ላይ፣ ቴሌግራም ላይ፣ ፌስቡክ ላይ አንድ ቁጥር ይሁን። ሁለት ሲም ስላለን ሁሉም ቦታ የተለያየ ቁጥር እንሰጣለን። ለደንበኛውም ለጉግልም አንድ ሱቅ መሆንህ አይታወቅም።


ፍሪጅ_ሠሪው | ከአምስት ሳምንት በኋላ

ተመልሻለሁ። ያ ወጣት ዝም አለ፣ ሦስቱ ቀን አለፈ፣ ቪዲዮውን ቀረጽኩ። የመጀመሪያውን አልተቀበሉኝም፤ ከሱቁ ውስጥ ጀምሬ መንገዱን አላሳየሁም ነበር። በሁለተኛው ከአስፋልቱ ጀምሬ፣ ታፔላውን አሳይቼ፣ ቁልፌን አውጥቼ ከፈትኩ። ጎረቤቴ ባለ ሻይ ቤቷ «ምን እየሆንክ ነው?» እያለች ከኋላ ትሰማለች። ተቀበሉት።

ፒኑ አሁን ገርጂ ነው። የካዛንቺሶቹ አሥራ አራት አስተያየቶች አብረውኝ መጡ። ዘርፉን ቀየርኩ። ሰዓቱን በፈረንጅ ሞላሁት፣ እህቴን የጥልፍ ቤቷን እያመሰገንኩ።

አንደኛ ወጣሁ ብዬ ለሚስቴ ስክሪንሾት ላክሁላት። ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ነበር የፈለግኩት። አማቼ አያት ሆኖ ሲፈልግ የለሁም። ካርታ አንባቢ «ርቀት» ያልከው ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ቅር አላለኝም፤ አያት ድረስ ሄጄ ብሠራ ነዳጁ ይበላኛል።

ደብተሬ ላይ «ከየት ሰማህ?» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። በአምስት ሳምንት «ከካርታ» ያሉኝ አሥራ ስድስት ናቸው። ወረቀት ብሎክ ላይ ለጥፌም ነበር ዲቪ እንዳለው፣ ከዚያ ሰባት። ወረቀቱን አልተውኩትም።


ዲቪ_ያልደረሰው | በዚያው ቀን

ሰባት! የኔ ምክር ሰባት ፍሪጅ አስገኘ። ኮሚሽኔን በቡና እቀበላለሁ።


ሲኤምሲ_ሦስተኛ_ፎቅ | በዚያው ቀን

ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ፣ ክሩን ያገኘሁት ፍሪጅ ስፈልግ ነው። ፍሪጄ ከውስጥ ከታች ውሃ ያቁራል፣ አትክልት ማስቀመጫው ይዋኛል። ያቀዘቅዛል ግን። ሲኤምሲ ትመጣለህ?


ፍሪጅ_ሠሪው | በዚያው ቀን

እመጣለሁ እህቴ፣ ግን መጀመሪያ ይኼን ሞክሪ፣ ምናልባት ብርሽን አታወጪም። ከሶኬት ንቀዪው። ከውስጥ የኋላው ግድግዳ ላይ ከታች ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ውሃው ወደ ኋላ የሚወርደው በሷ ነው። በረዶ ወይም የምግብ ፍርፋሪ ይደፍናታል። ሞቅ ያለ ውሃ፣ የፈላ አይደለም፣ በስሪንጅ ቀስ እያልሽ ግፊባት። ወደ ታች ከሄደልሽ አለቀ።


ካርታ_አንባቢ | በዚያው ቀን

ይኼን አሁን የጻፍከውን እንዳለ ገልብጠህ ቻናልህ ላይ ለጥፈው። ርዕሱ «ፍሪጅ ውስጥ ውሃ ሲያቁር» ይሁን።


ሲኤምሲ_ሦስተኛ_ፎቅ | በማግስቱ

ስሪንጅ ከፋርማሲ ገዝቼ ሞከርኩ። አልወርድ አለ፣ ጭራሽ ተመልሶ ፊቴ ላይ ተረጨ። ነገ ና። ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን በሐበሻ ንገረኝ፣ ክሩን አንብቤዋለሁ።


ፍሪጅ_ሠሪው | በማግስቱ

ሦስት ሰዓት። የጠዋት።